የኦሪት ጥሪና ሰነፉ ዋይፋያችን

የሰው ፍርሃት ከዘመኑ ጋር ይለወጣል። አባቶቻችን ጅብና ሽፍታ ፈሩ፤ እኔ ኔታኒያ፣ ዐጋሚም ሰፈር፣ ስምንተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ የምፈራው አንዲት ክብ ነው። ታውቋታላችሁ፣ ዋይፋይ ሲደክም ስክሪን ላይ የምትዞረዋን። መሳቅ የፈለገ ይሳቅ፤ ልጁ ወታደር የሆነችበት ግን አይስቅም።

ልጄ ኦሪት ሰሜን ድንበር ላይ ናት። ዘወትር ዓርብ፣ ሰንበት ሳይገባ፣ ወደ እናቴ ታብሌት ትደውላለች፤ አያቷ ፊቷን ሳታይ የሰንበት ሻማ አትለኩስም። ሰንበት ከገባ ደግሞ እኛ ቤት ስልክ የሚነካ የለም። ባለፈው ዓርብ አርባ ደቂቃ ሲቀረን ጥሪው መጣ፤ ግማሽ ግንባሯ ታየና ደረቀ። ከዚያ ክቧ ብቻ። ጠዋት ደግሞ የሮኬት ማስጠንቀቂያው ሳይረን ጮኾ ነበር። የራሴን ስልክ፣ ብልህ ነኝና፣ ኤቨን የሁዳ ያለው ሥራ ቦታዬ ረስቼው መጥቻለሁ።

ሮጬ ጎረቤቴን ማስረሻን ጠራሁት፤ ኮምፒውተር አዋቂ ነው። ቁጥሯን ከታብሌቱ አይቶ በራሱ ስልክ ቢደውል ተይዟል። ደግሞ ቢደውል ተይዟል። ይህን ያህል የሚያዘው ምን ሲሆን ነው? ማስረሻ ግን ረጋ ብሎ የዋይፋዩን ቅንብር ከፈተና፣ ቁልፉ፣ ምስጠራ የሚሉት፣ ያረጀ ዓይነት ነው፣ ፍጥነቱን አንቆ የያዘው እሱ ሊሆን ይችላል አለኝ። የመረጥኩት እኔው ነኝ፤ ድሮ ዶራ ሰፈር ስንኖር፣ ያረጀ ቁልፍ ይጠነክራል ብዬ። እንግዲያው የይለፍ ቃሉን ጭራሽ እናንሳው ስለው፣ ሕንፃው ሁሉ ሊገባብህ ነው ብሎ ተቆጣኝና ምስጠራውን በአዲሱ ዓይነት ቀየረው። ክቧ መዞሯን አልተወችም። ሃያ ደቂቃ ቀረን።

ያኔ ነው ዋይፋዩን የምትረጨው ሣጥን የት ናት፣ ዙሪያዋስ ምን አለ ብሎ የጠየቀኝ። ኮሪደሩ ላይ ሄጄ ባይ መደርደሪያው ባዶ ነው። ተሰረቅን ብዬ ልጮህ ስል እናቴ ቀስ ብላ፣ እኔ ማማድ አስገብቻት ነው አለች። ማማድ ሮኬት ሲመጣ የምንሸሸግበት ክፍል ነው፤ ግድግዳው ወፍራም ኮንክሪት፣ በሩ ብረት። ጠዋት ሳይረኑ ሲጮህ ገመዷን ስባ አስገብታ፣ ስንወጣ በሩን ጠርቅማባታለች። ለምን ብላት፣ ልጅቱ የምትመጣው በእሷ አይደለም ወይ፣ እኛ ብንቀር እንኳ እሷ ትትረፍ አለችኝ። ማስረሻ ሳቁን ውጦ፣ ሮኬት የማያልፈውን ግድግዳ ዋይፋይ በምን አቅሙ ይለፈው አለ።

በሩን ከፈትነው። ታብሌቱ አከታትሎ ተንጫጫ፤ የኦሪት ያልተመለሱ ጥሪዎች። መስመሯን የያዘችው ለካ እኛው ጋ እየደወለች ነው! ወዲያው ፊቷ ሙሉውን መጣ፣ ዓይኗ ቀልቷል። እኔ ለእሷ ስርድ እሷ ለእኛ ስትርድ ቆይታለች። ኔታኒያ ሳይረን ነበር አሉ፣ መጠለያ ገብታችሁ ነበር ወይ ብላ ጠየቀችኝ። እናቴ ሻማዋን እየለኮሰች አቀረቀረች።

እኛማ ገብተን ወጥተናል አልኳት፤ ሳትወጣ የቀረችው አንቺን የምታመጣልን ብቻ ናት።