ከርነሉና የሂርና ሚኒባስ

መኪና የሚነሣው በሁለት ሕግ ነው፤ ወይ ሰዓቱ ሲደርስ፣ ወይ ሲሞላ። ጭሮ መናኸሪያ ቆማችሁ የምታውቁ ከሆነ የትኛው እንደሚሠራ እኔ አልነግራችሁም። እኛ ዘንድ ሰዓት የሚከበርለት የጫት መኪና ብቻ ነው። ጫት ይጠወልጋላ! ሰው ግን ቢጠወልግ ማን ከቁም ነገር ቆጥሮት።

የማስተምርበትን የኮምፒውተር ክፍል ቀጥ አድርጎ የያዘው ከርነል የሚባለው ነገርም ጠባዩ የጫት መኪና ነው። ከርነል የኮምፒውተሩ ሥርዓት እምብርት ነው፤ ስክሪኑን፣ ኪቦርዱን፣ የኔትወርክ ካርዱን የሚያዝዘው እሱ ነው። የኛው ነፃ ነው፤ በየአገሩ ያሉ ባለሙያዎች በኢሜይል እየተማከሩ ይሠሩታል። በየሁለት ወሩ ገደማ አዲስ ዕትም ይወጣል። መጀመሪያ «መስኮት» የሚሉት ጊዜ ይከፈትና አዲስ ነገር ያለው ያስገባል፤ አያስፈልግም የተባለውም ይወገዳል። መስኮቱ ከተዘጋ በኋላ የሚፈቀደው ስህተት ማረም ብቻ ነው። ያልደረሰ በሚቀጥለው ይሳፈር። እንዴት ያለ ሥርዓት ነው እያልኩ አደንቃቸው ነበር።

አንድ ቀን ለሚቀጥለው ዕትም ሲያቅዱ አንደኛው፣ «ይህን አሮጌ የኔትወርክ ካርድ ዛሬም የሚጠቀም ሰው አለ? ከሌለ ካርዱን የሚያሠራውን ኮድ ከከርነሉ እናስወግደው» ብሎ ጠየቀ። እስቲ ፍረዱኝ! ያ ካርድ ክፍሌ ውስጥ ያሉት ኮምፒውተሮች ሁሉ ሆድ ውስጥ ነው ያለው። ኮዱ ተወገደ ማለት ክፍሉ ተዘጋ፣ ከመሰላና ከበደሳ እየተመላለሱ የሚማሩትም ወደየቤታቸው ሄዱ ማለት ነው። በአሮጌው ዕትም ቀጥል ትሉኝ ይሆናል። ጥገና በቆመበት ሥርዓት መሥራት በር ከፍቶ መተኛት ነው።

«እኔ አለሁ» ብዬ ልጽፍ ስል ኔትወርኩ ጥፍት አለ። የጭሮ በሙሉ! ቀናት አለፉ። በመጨረሻ ሂርና ኔትወርክ አለ ሲባል ሰማሁና መናኸሪያ ሮጥኩ።

«ሂርና፣ ሂርና! ነማ ቶኮ! አንድ ሰው!» ይላል ረዳቱ። ያ አንድ ሰው እኔ ነኝ ብዬ ዘልዬ ገባሁ። ውስጥ ያሉት አንድ ሽማግሌ ብቻ ናቸው።

«አንድ ሰው ነው የቀረው አላልክም እንዴ?» አልኩት ረዳቱን።

«አዎ መምህር፣ አንድ ሰው ብቻ!»

«ወላሂ ልጄ፣» አሉኝ ሽማግሌው፣ «ይሄ አንድ ሰው ከጠዋት ጀምሮ አልመጣም።»

ደሜ ፈላ። እዚያ ማዶ ከርነል የሚባል ሰዓት የሚያከብር መኪና ጥሎኝ ሊሄድ ነው፤ እዚህ ደግሞ ሰዓት የሚባል ነገር ያልሰማ መኪና አግቶኛል።

ሂርና ስደርስ የፈራሁት ሆኗል። ኮዱ ተነቅሏል፣ መስኮቱም ተዘግቷል። ምክንያቱ አጭር ነው፦ «ማንም አይጠቀምበትም።» ማንም! እኔን እኮ ነው! ያገኘሁት ኢንተርኔት ቤት ገብቼ ኪቦርዱን እየደበደብኩ ጻፍኩ፦ «እኔ ጭሮ ነኝ። ያልመለስኩት ስለሌለሁ ሳይሆን ኔትወርክ ስለሌለ ነው። ማንም ያላችሁት ሰው ክፍል ሙሉ ተማሪ ያስተምራል።»

ሻይ ጠጥቼ ስመለስ መልስ መጥቶ አገኘሁ፦ «ይቅርታ፤ ተጠቃሚ ካለ ማስወገዳችን ስህተት ነበር። ስህተት ማረም ደግሞ አሁንም ይፈቀዳል።» ኮዱን መለሱት። ለምን እንደተመለሰም ጻፉበት፦ «አንድ ሰው ይጠቀምበታል።»

አንድ ሰው? ያ ሁሉ ተማሪ የት ገባ? እንደገና ተናደድኩ። ግን እውነቱን ልናገርና፣ የተነሣ መኪና ለአንድ ሰው ብሎ ወደ ኋላ ሲመለስ ያየሁት ያን ቀን ነው። ክፍሌ ተረፈ።

ደስ ብሎኝ ወደ ጭሮ ልመለስ መንገድ ዳር ወጣሁ።

«ጭሮ፣ ጭሮ! ነማ ቶኮ! አንድ ሰው!»

ገብቼ ቁጭ አልኩ። አንድ ሰው መሆኔን ዓለም በጽሑፍ አውቆልኛል። መኪናው ግን ባዶ ነበር፤ ረዳቱም አሁንም «አንድ ሰው!» እያለ ይጣራል።