ጾመኛው ቦርጭ

እስቲ ቦርጭ ያለበትን ሰው ሁሉ ጠይቁ፤ «አዎ፣ እበላለሁ» የሚላችሁ አንድ እንኳ ብታገኙ ከምላሴ ላይ ፀጉር ይነቀል። «እኔ እኮ ምግብ ላይ እስከዚህም ነኝ» ነው የሁሉም መልስ። አንዱ በዘሩ ያመካኛል፣ አንዱ በንፋስ፣ ሌላው በሚስቱ እጅ። ቦርጭ የሚባለው ነገር ማንም ሳይጠራው ሌሊት አጥር ዘሎ የሚገባ ነው የሚመስለው። ባለቤቱ ጠዋት ሲነሳ ያገኘዋል፤ ከዚያ ወዲያ አብረው ይኖራሉ።

እኔ የማመካኘው በሥራዬ ነበር። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ተሳቢ እነዳለሁ፤ ሥራዬ እንግዲህ መቀመጥ ነው። ስነዳ እቀመጣለሁ። ጅቡቲ ስደርስ ደግሞ ጭነት እስኪደርሰኝ ከከተማው ወጣ ብሎ ፔካ ዱዝ በሚሉት የከባድ መኪና ማቆሚያ፣ በተሳቢው ጥላ ሥር እቀመጣለሁ። ከቀትር በኋላ ጫቱ ሲመጣ፣ መቼም በቁም አይቃምምና፣ እንደገና እቀመጣለሁ። ጫት ይመራል፤ ስለዚህ ለስላሳ። ለስላሳው ያልቃል፤ ስለዚህ ሌላ ለስላሳ። በዚያ ሙቀት ቀዝቃዛ ነገር አልጠጣም የሚል ጀግና ካለ ይምጣና ይፍረድብኝ። እንዲህ እንዲህ እያለ ቦርጬ መሪውን ነካ። ወንበሩን ወደኋላ ገፋሁት። እንደገና ሲነካ እንደገና ገፋሁት፤ በመጨረሻ እግሬ ፍሬኑ ላይ አልደርስ አለ። እናንተዬ፣ ሰው ከቦርጩና ከፍሬኑ አንዱን ምረጥ ሲባል አስቡት!

የመኪናው ባለቤት ጋሽ ምትኩ አዲስ አበባ ነው የሚኖሩት፤ ወሬ ግን ከእኔ ቀድሞ ይደርሳቸዋል። የሆነ ሹፌር ስኳሩ ከፍ ብሎበት መሪ ላይ ራሱን ስቶ መኪናውን ገደል አፋፍ አደረሰው የሚል ነገር ሰምተው ደወሉልኝ። «ስማ፣ ያንን ሆድህን ይዘህ ሐኪም ዘንድ ሂድ። ስኳር አለብህ ካሉህ መኪናዬን የሚረከብ ሹፌር እልካለሁ፤ አንተ በአውቶቡስ ና።» በአውቶቡስ ና! ዕድሜዬን ሙሉ አውቶቡስ ስቀድም የኖርኩት ሰውዬ! ስቄ ላልፈው ሞከርኩ፤ ግን ልንገራችሁ፣ ፈራሁ። ትምህርት ቤት ያሉ ልጆች አሉኝ፤ ከመሪ በቀር የማውቀው ሥራ ደግሞ የለኝም።

ባልባላ በሚሉት የጅቡቲ ሰፈር ወዳለች አንዲት ጤና ጣቢያ ሄድኩ። እንደኔ ያለውን ወፍራም ሁሉ የምትመክረው መዳም ሐሊማ የምትባል፣ በቅርቡ ከታጁራ የመጣች ወጣት ነርስ ናት። ሚዛን ላይ አቆመችኝ፤ ቁጥሩን አይታ ምንም አላለችም። እኔ ለቁጣ ተዘጋጅቼ ነበር። አገራችን ሐኪም «ይሄ ምንድነው የተሸከምከው?» ብሎ ያዋርድሃል፣ አንተም አንገትህን ደፍተህ ትወጣና ወደ ምሳህ ትሄዳለህ፤ ነገሩ በዚያው ያልቃል። እሷ ግን አገጯን በእጇ ይዛ «ሙሴ፣ እርስዎ ምን ይመስልዎታል?» አለችኝ። ሙሴ ማለት በነሱ አቶ ማለት ነው፤ በተባልኩ ቁጥር ግን ባሕር ክፈል የተባልኩ ይመስለኛል። ምን ይመስለኛል? ለእኔ ቢመስለኝ ኖሮ አንቺ ዘንድ ምን አመጣኝ? በመጨረሻ ለስኳር ምርመራ ነገ ጠዋት «አ ዠን» ሆኜ እንድመጣ ነገረችኝ።

እዚህ ላይ ስለ ፈረንሳይኛዬ አንድ ነገር ልበል። ፔካ ዱዝ ላይ ፈረንሳይኛዬ የታወቀ ነው፤ «ወርቅ እኮ ነው!» ይሉኛል፣ ፈረንሳይኛ የማይችሉት። ቃሉን ደግሞ በረመዳን ጊዜ ከጅቡቲዎች አፍ ስለሰማሁት በደንብ አውቀዋለሁ። ጾመኛ ማለት ነው። ጊዜው የነሱ ረመዳንና የኛ ሁዳዴ የገጠሙበት ነበርና በልቤ ሳቅሁ። እኔን ነው ጾመህ ና የምትለኝ? «መዳም፣ በዚህ በኩል አያስቡ» አልኳትና ደረቴን ነፍቼ ወጣሁ።

በማግስቱ ማለዳ የአገሬ ሰዎች ምግብ ቤት ገብቼ ፍርፍር አዘዝኩ። ቅቤ ጠብ እንዳይልበት፣ የሥጋ ማንኪያም እንዳይነካው ሁለቴ አስጠነቀቅሁ። እንጀራ አስጨመርኩ። ከዚያ ስኳሩ ጠንከር ያለ ሻይ፣ ያለ ወተት። አስተናጋጇ «ዓሣም ነበረ፣ ላምጣ እንዴ?» ብትለኝ ዓይኔን አፈጠጥኩባት። «ልጄ፣ ምርመራ አለብኝ! ጾመህ ና ተብያለሁ!»

መዳም ሐሊማ ጣቴን ወጋችና ደሙን መሣሪያው ላይ አደረገችው። አየችው። ሌላ ጣቴን ወጋች። እሱንም አየችውና «ጾመዋል?» አለችኝ።

«ዊ፣ መዳም!»

«ከመቼ ጀምሮ?»

«አራተኛ ሳምንቴን ይዣለሁ።»

እጇ አየር ላይ ቀረ። «ሳምንት? ቀን ቀን ብቻ ነው?»

«ቀንም ሌሊትም። የኛ ጾም ሌሊት አይፈታም።»

«ውኃስ?»

«ውኃማ የጾም ነው፤ ይጠጣል።»

ቦርጬን አየች። ፊቴን አየች። እንደገና ቦርጬን አየች። በእሷ ቤት ለአራት ሳምንት ከውኃ በቀር አንድ ነገር ያልቀመሰ፣ ሆኖም ሚዛኗን ያስጨነቀ ሰው ፊቷ ተቀምጧል። «ስኳርዎ በጣም ከፍ ያለ ነው፤ ዶክተሩን ልጥራ» ብላ ተነሳች። እኔ ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁም። አውቶቡሱ መጣብኝ። የመስኮት በኩል ወንበር፣ ጉልበቴ ላይ የተቀመጠች ሻንጣዬ፣ ሲቀድመኝ የማየው የገዛ መኪናዬ ሁሉ መጣብኝ፤ ላብ አጠመቀኝ፤ እንባዬም መጣ።

በር ላይ ደርሳ አዘነችልኝ መሰለኝ፣ ተመልሳ ቁጭ አለች። «እስቲ ዛሬ ከእንቅልፍዎ ከተነሱ ጀምሮ ያደረጉትን ይንገሩኝ።»

«ተነሳሁ። ፊቴን ታጠብኩ። ጸሎት አደረስኩ። ፍርፍር በላሁ…»

«በሉ?!»

«የጾም ፍርፍር ነው እኮ! በዘይት!»

ግንባሯን ጠረጴዛው ላይ ደፋች። ራሷን የሳተች መስሎኝ ደነገጥኩ፤ ትከሻዋ መንቀጥቀጥ ሲጀምር ነው እየሳቀች እንደሆነ የገባኝ። ቀና ስትል ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ለካ ከንጋት በፊት ጀምሮ ጠብታ ውኃ ያልቀመሰች ሴት ፊት ተቀምጬ፣ ነጭ ሽንኩርት እያገሳሁ ኖሯል ጾመኛ ነኝ የምላት። ፈረንሳዮቹ ባዶ ሆድ ለማለትም ያንኑ የጾም ቃል እንደሚጠቀሙ የዚያን ዕለት ተማርኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

ሳቋ ሲበርድላት «የእናንተ ጾም ሰዓት የለውም?» ብላ ጠየቀችኝ።

«አለው እንጂ። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም አይቀመስም።»

«እርስዎስ?»

«እኔማ… ሹፌር ነኝ።»

ዝም አለች። ይህን ዓይነቱን ዝምታ የሚያስተምሩበት ትምህርት ቤት መኖር አለበት። ቆጥታኝ ቢሆን ኖሮ ተከራክሬ እገላገል ነበር። ቆይታ ቆይታ «ታዲያ ምን ይመስልዎታል?» አለች። ይኸው፣ መጣች! ዝምታው አላስቀምጥ ሲለኝ አፌ በራሱ ተናገረ፤ «እ… ሰዓት ብጾምስ?» ለስላሳውን እተዋለሁ ያልኩትም እኔው ነኝ፣ ሻዬን ያለ ስኳር ያልኩትም፣ ማታ ማታ እስከ ዋራበሌ ሰፈር በእግሬ ደርሼ እመለሳለሁ ያልኩትም እኔው። የእሷ ትእዛዝ አንድ ብቻ ነበር፦ መሪ በምይዝበት ቀን ሆዴን ባዶ እንዳላደርግ። የቀረውን ገመድ ሁሉ ራሴ አምጥቼ ራሴን አሰርኩ።

በማግስቱ በእውነተኛ ባዶ ሆድ ሄጄ ተመረመርኩ። «የስኳር በሽታ ደጃፍ ላይ ቆመዋል፤ ገና አልገቡም። ከፋሲካችሁ በኋላ ተመልሰው ይምጡ» አለችኝ። ለጋሽ ምትኩ ይህንኑ ነገርኳቸው። «እንግዲያው እስከዚያ እታገሥሃለሁ። ከገባህ ግን ያው አውቶቡስ ነው» አሉ።

የዚያ ጊዜ ኑሮዬን ባወራችሁ ታዝኑልኛላችሁ፤ አይገባኝም እንጂ። በቆምኩባቸው ቀናት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ያለው ጊዜ አልሄድ ይለኛል፤ የእጅ ሰዓቴ የቆመ እየመሰለኝ ጆሮዬ ላይ አደርገዋለሁ። ጓደኞቼ ለስላሳ ሲከፍቱ የቆርኪዋ «ጭስ» የምትል ድምፅ አንጀቴን ታሳርረዋለች። ስበሳጭ ደግሞ የምወቅሰው ሰው የለም፤ የተናገርኩት ራሴ ነኛ። በፋሲካ እንኳ ዶሮውን በልኩ በላሁ፤ ይህን የሚያምነኝ ሰው እስካሁን አላገኘሁም።

ከፋሲካ በኋላ መዳም ሐሊማ ጣቴን ወጋች፣ መሣሪያውን አየች፣ ወደኔም አዞረችልኝ። «ከደጃፉ ወርደዋል» አለች፤ እንዳትዘናጋ ብላ ሌላ ቀጠሮም ሰጠችኝ። ደስታዬ ወሰን አጣ፤ እልል ለማለት ምን ቀረኝ! ጋሽ ምትኩ «በል መኪናህን ያዝ» ሲሉኝ፣ «መኪናህን» ማለታቸውን ልብ አድርጌያለሁ።

ቀጥዬ ሞጆ ላሉት የንስሐ አባቴ ደወልኩ። ሰዓት ጹም እያሉ ሲለምኑኝ ስንት ሁዳዴ አልፏል!

«አባ፣ ዘንድሮስ ሰዓት ጾምኩ።»

«እሰይ ልጄ! እኔ መክሬ መክሬ ያልሰማኸውን፣ ማን አሰማህ?»

«አንዲት ነርስ ናት፣ እዚህ ጅቡቲ።»

«ትባረክ! በል ስመ ክርስትናዋን ንገረኝ፤ በጸሎት ላስባት።»

«አባ… ሐሊማ ነው የምትባለው።»

«ግድ የለም፣ ሐሊማ ብዬ እጠራታለሁ፤ እሱ ያውቃታል» አሉና፣ እኔ ስልኩን ልዘጋ ስል፣ «ቆይ እስቲ፣ አንተ ግን የጾምከው ለማን ብለህ ነው?» አሉኝ።

«ሃሎ? አባ? ሃሎ? ኔትወርኩ እኮ…» ብዬ ዘጋሁት።