ግድግዳ የሚያዳምጡት ሊቀ ድንጋይ

መጀመሪያ የቀኝ እጃቸውን እጅጌ ይሰበስባሉ። ቀጥሎ የመሐል ጣታቸውን አጥፈው ግድግዳውን ኳ፣ ኳ ያደርጋሉ። ጆሯቸውን ይለጥፋሉ። ትንሽ ዝቅ ብለው ይደግሙታል። በአውራ ጣት ጥፍራቸው ቀለሙን ጫር አድርገው ዱቄቱን ያሻሉ። ከዚያ እጃቸውን አራግፈው ፍርድ ይሰጣሉ፦ «ባዶ ነው!»

እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። አንድ ክሬን በቆመ ቁጥር፣ ከሥሩ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ «ድሮ ቢሆን...» የሚል አንድ ጡረተኛ አብሮ ይቆማል። የኛ ሰፈሩ ግንበኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ብሎኬት ሲደረድሩ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ልባቸው ወደ ጥንቶቹ ግንበኞች ሸፈተ። ሰፈሩም «ሊቀ ድንጋይ» የሚል ማዕረግ ሰጣቸው፤ አልጠሉትም።

ለክቡርነታቸው ክርክሩ ያለቀ ነው። ጥንቶቹ ቤት የሚያህል ድንጋይ ጠርበው፣ ሌላ ቤት የሚያህል ጭነውበት፣ መሐሉ ምላጭ አያስገባም። «ያለ ክሬን! ያለ ሲሚንቶ!» አንድ ቀን ባንክ ቤት ወረፋ ይዘው ዓምዱን ቢያንኳኩ ጥበቃው እየሮጠ መጣ።

«አባት፣ ምን እያደረጉ ነው?»

«እብነ በረድ ነው ብለው ሸውደውሃል ልጄ፤ ከላይ የተለጠፈ ነው። የምትጠብቀውን እወቅ እንጂ!»

አፍ አፋቸውን የሚሏቸው ባለቤታቸው ብቻ ናቸው። «የሳሎናችንን ግድግዳ ማን ነው የገነባው? ቁም ሣጥኑ ምን እንደሚሸፍን ልናገር?»

«ስንጥቅ እኮ አይደለም፤ ቤቱ እየረጋ ነው።»

«ልጃችን ተወልዳ፣ አድጋ፣ አገባች፤ እሱ ገና አልረጋም?»

ጉዱን ያመጣችው ይህችው አንዲት ልጃቸው ናት። ሰባተኛ ፎቅ ላይ ቤት ገዛች። ሊቀ ድንጋይ አልወጣም አሉ። አንዴ ሊፍቱን፣ አንዴ ጉልበታቸውን ሰበብ አደረጉ። መሐንዲሱ አማቻቸው ሊያስረዳቸው ሞከረ።

«ጋሼ፣ የጥንቶቹ ሥራ ሁሉ የቆመ ይመስልዎታል? የፈረሰውን ስላላየነው እኮ ነው።»

«የናንተንማ ለማየት ብዙ አንጠብቅም!»

በመጨረሻ ልጅቷ ራሷ ደወለች። «አባዬ፣ ልወልድ ደርሻለሁ። ልጁን በመስኮት አንጠልጥዬ እንዳሳይህ ነው የምትፈልገው?» ስልኩ ሳይዘጋ ጫማቸውን መፈለግ ጀመሩ።

ሊፍቱ ውስጥ ዐይናቸውን ጨፍነው ወጡ። ከገቡ በኋላ ግን ተቀመጡ ቢባሉ አሻፈረኝ ብለው ሳሎኑን አንኳኩ፣ ኮሪደሩን አንኳኩ። መኝታ ቤቱን ሲያንኳኩ ግድግዳው መልሶ አንኳኳ።

«ማነው?» አለ ጎረቤት ከወዲያ።

«ወንድሜ፣ ግድግዳህ ስስ ነው!»

«አውቃለሁ አባት! ትናንት ልጅቷ ስታስነጥስ ይማርሽ ብያታለሁ!»

አማቻቸው ሳቁን ሊደብቅ ወደ ማድ ቤት ሮጠ። ልጅቷ ግን አልሳቀችም። አባቷ የሕፃኑ አልጋ በተዘጋጀበት ጥግ ተንበርክከው ነበር፤ ያ ሰበብ የሆነው ጉልበት ወለሉን ነክቶ፣ ግድግዳውን ከታች ጀምረው ስንዝር በስንዝር ያዳምጡታል። ኳ። ኳ።

«እህስ አባዬ?»

«ይሄኛው... ደህና ነው» አሉ፣ ቅር እያላቸው። «አልጋው ከዚህ እንዳይነሳ።»

ከዚያ ወዲህ ስለ ጥንቶቹ ማውራቱን ቀነስ አድርገዋል። ፋታ የነሳቸው የልጃቸው በረንዳ መከታ ግንብ ነው፤ ሦስት ጊዜ ተመላልሰው ቢያንኳኩትም ድምፁ አልለይ አላቸው። ጋዜጣ ላይ እንደምጽፍ ሲሰሙ መንገድ ላይ አስቁመው ይህን አደራ ሰጡኝ፦

«ከአንባቢዎችህ መሐል የሰባተኛ ፎቅ በረንዳ የገነባ ካለ፣ ይምጣ በለው። አልቆጣውም። ወደ ማምሻው፣ ክንድ ሲዝል፣ ምን እንደሚደረግ እኔም አውቃለሁ። እውነቱን ብቻ ይንገረኝ፤ የልጅ ልጄ እየተደገፈ መቆም ሳይጀምር።»