በቀይ እስክሪብቶ የተሰረዘች ሙሽራ

ዲያቆን ሀብታሙ እህቴን ዝናሽን በድሏታል። በበደላት ጊዜ እሷ ከሞተች ዓመት ከሁለት ወር ሆኗት ስለነበር አፍ አውጥታ ልትመልስለት አልቻለችም። መልሱ እኔ ላይ ወደቀ። እኔ ደግሞ፣ በምላሴ የመርሳን ከተማ ሁሉ የማስፈራራዋ ሴትዮ፣ አሥራ አንድ ዓመት ዝም አልኩ።

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቃችሁ። ሠርግ ቤት ስትቀመጡ ወጡን ማን እንደሠራው ታውቃላችሁ፤ ጨው ከበዛበትማ የሠሪዋን ስም እስከ ቅድመ አያቷ ታነሳላችሁ። በሬው ከማን በረት እንደተነዳ፣ ሙሽራዋ ጫማዋን ከማን እንደተዋሰች ሳይቀር ታውቃላችሁ። የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ከበሮ ይዘው ገብተው ሲዘምሩ ግን «ይቺን ማን ገጠማት? ዜማዋስ ከማን ጉሮሮ ወጣች?» የሚል ሰው አላጋጠመኝም። መዝሙር ሁሉ እንደ ዝናብ ከላይ የወረደ ይመስላችኋል። ከአፈር ሥር የወጣም አለ።

ዝናሽ የእናቴ የመጨረሻ ልጅ ናት። ለሀብታሙ ታጭታ፣ ሠርጓ ለጥር ተቆርጦ፣ ጌሾው ተወቅጦ፣ ብቅሉ ደርቆ፣ እሷ አክስታችንን በአጨዳ ልታግዝ ወደ ቆላው፣ ወደ ግራና ወረደች። ወባ ይዛ ተመለሰች። በስድስተኛው ቀን ቀበርናት፤ ወሩ ኅዳር ነበር። አርባዋ ሠርጓ በተቆረጠበት ሳምንት ዋለ። ብቅሉ ይጣል እንዴ? ለተዝካሯ ተጠመቀ። የሠርጓን ጠላ ለቀስተኛ ጠጣው። ጥሩ ወጥቶ ነበር ደግሞ።

በእኛ አገር ሳትዳር የሞተች ልጅ እንደ ሙሽራ ነው የምትለቀሰው። ነጭ ትለብሳለች፣ እልልታም አይቀርባት። እኔ ስኳር በሚጠቀለልበት ጋዜጣ ራሴን ፊደል ያስቆጠርኩ ባለሱቅ ነኝና፣ የለቅሶዋን ግጥም በደብተር ጻፍኩት። ዜማው ግን የእማማ ዘይነባ ነው። ጎረቤታችን ናቸው፤ ሙስሊም ናቸው፤ ዝናሽን በጀርባቸው አዝለው አሳድገዋታል። አርባውን ቀን ከእናቴ ጎን ሳይነሱ ያንጎራጎሩትን እንጉርጉሮ ነው እኔ ግጥም ያለበስኩት። እንዲህ ይጀምራል፦

ነጭ አልብሰናታል፣ ሸኟት በእልልታ፣
ወደማይመሽበት፣ ወደ አምላኳ ቦታ።

መጨረሻው ደግሞ ይህ ነው፦

ዝናሽ ጥር ደረሰ፣ ዳሱም ተጣለልሽ፣
ምነው ከአፈር በቀር ልብስ አጣሁ አልሽ?

በተዝካሩ ቀን ሀብታሙ ከሁላችንም በላይ አለቀሰ። ዕንባውን ሳይጠርግ «እትዬ ሙሉ፣ ደብተሩን አውሺኝ፤ ለመጽናኛዬ ልገልብጠው» አለኝ። አዋስኩት። እናንተስ ብትሆኑ አትሰጡትም?

ማግባቱን አልተቀየምኩም፤ ይህ ይታወቅልኝ። ወጣት ነው፣ ዲያቆን ነው፣ ሙት ዓመቷ ወጥቷል። በተከተለው ጥር አንዲት የሲሪንቃ ልጅ አገባ። ጠራን፤ ሄድን። እናቴም አዲስ ነጠላ ለብሳ፣ ልቧን አጥብቃ መጣች። እንደ ደንቡ ሁለት ዳስ ተጥሏል፤ እማማ ዘይነባ ከሙስሊሞቹ ዳስ፣ እኛ ከክርስቲያኖቹ። ምግቡ ከፍ ካለ በኋላ መዘምራኑ ገቡ። ከበሮው ተመታ። «ነጭ አልብሰናታል፣ ሸኟት በእልልታ» ብለው ጀመሩ።

እልል ተባለ። ተጨበጨበ።

ሁለተኛውን ስንኝ ሀብታሙ «ወደ ትዳር ጎጆ፣ በአምላኳ ይሁንታ» አድርጎታል። ሌላ ብዙም አልነካም። ምን አደከመው፤ ሙሽራዋም ነጩም እልልታውም ተሰናድቶ ነው የጠበቀው። የዝናሽ ስም ያለበት ስንኝ ግን የለም።

እማማ ዘይነባ ዳሳቸውን ትተው፣ በሰው መሀል እየተጋፉ መጥተው ክንዴን ያዙኝ።

«ሙሉዬ፣ ጆሮዬ ነው የከዳኝ ወይስ ይሄ የዝናሽ ነው?»

«የዝናሽ ነው፣ እማማ።»

«ያ አላህ! በሬሳ ላይ ያጨበጭባሉ?»

እናቴ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጥላ ተነስታ ወጣች። ምላሴ ሾልኮ ሊወጣ ሲል ሙሽራዋን አየኋት። አንገቷን ደፍታ ከንፈሯ ላይ ፈገግ ብላለች፤ መዝሙሩ ለእሷ የተደረሰ መስሏታል። እሷ ምን አደረገችኝ? ዋጥኩት። ደብተሩ በሳምንቱ ተመለሰልኝ። በዝናሽ ስንኝ ላይ፣ እንደ ተማሪ ስሕተት፣ ቀይ መስመር ተሰምሮበታል።

ከዚያ ወዲያ መዝሙሩ እግር አወጣ። ከውርጌሳ እስከ ወልድያ ያለ እሱ የሚዳር ጠፋ። እናቴ ሠርግ መሄድ ተወች። «ኮራች» አሏት። ምን ብላ ትንገራቸው? «የምትጨፍሩት በልጄ ሬሳ ነው» ትበል? ባልሄደችበት ሠርግ ቁጥር አንድ ደጅ ተዘጋባት። ስትሞት የእድር ቅጣት ፈርቶ ከመጣው በቀር ድንኳኑ ባዶ ነበር። ለእናቴ ግጥም አልጻፍኩም። ማን ያውቃል፣ ለክርስትና ይዘምሩት ይሆናል።

ይኸውላችሁ፣ በቀደም ሀብታሙ የነፍስ አባቴን አስከትሎ ሱቄ መጣ። አሁን መምህር ሆኗል፤ ቦርጭም አውጥቷል። ለካ አንድ የወልድያ ዘማሪ መዝሙሩን «ግጥምና ዜማ የራሴ» ብሎ በካሴት አውጥቶታል።

«እትዬ ሙሉ፣ የሰው ላብ ይሰረቃል? ይህን እግዚአብሔር ይወደዋል?» አለኝ። ዓይኑን አላሸም። እውነት የተበደለ መስሎት ነበር።

ዘማሪውን ሊከስበት ያመጣው ወረቀት «ግጥሙንም ዜማውንም መምህር ሀብታሙ መድረሳቸውን በዓይኔ ያየሁ መሆኔን እመሰክራለሁ» ይላል። ከሥሩ የእኔ ስምና የፊርማዬ ቦታ። እኔ ከፈረምኩ ዝናሽ ከደብተሬ ውጭ የትም አልነበረችም ማለት ነው።

«ፈርሚለት ልጄ፤ ወንድምሽ ሊሆን የነበረ ሰው ነው፤ ቂም ለነፍስሽ አይበጅም» አሉ አባ።

«ዜማውም ያንተ ነው?» አልኩት።

«ታዲያ የማን ሊሆን ነው?»

እማማ ዘይነባ ሱቄ በር ላይ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። ዓይናቸው ደክሟል፤ ጆሯቸው ግን ደህና ነው። «የሱ ነው በዪው፣ ሙሉዬ» አሉ። «እኔ በዚህ ዕድሜዬ የቤተ ክርስቲያን ካሴት ላይ ብገኝ ቄሱም ሼሁም ይካፈሉኛል።» ብቻቸውን ሳቁ። አባ መሬት መሬት አዩ።

ደብተሩን ከስኳሩ ጆንያ ጀርባ አወጣሁት። ቀዩ መስመር ያለበትን ገጽ ገልጬ ከወረቀቱ ጎን አስቀመጥኩለት። አነበበው። እስክሪብቶውን ከእጁ ተቀበልኩና እንዲህ አልኩት፦

«እዚሁ ፊቴ ቁምና ከመጀመሪያው ጀምረህ ዘምረው፤ የሰረዝካትንም ጨምር። ስሟ ላይ ስትደርስ ድምፅህ ካልተቆረጠ፣ እፈርማለሁ።»