ሦስተኛ ፎቅ ላይ እጅ መንሳት

የእኛ አገር ሰው ትልቅ ሰው ሲያይ ተቀምጦ አይጠብቅም። ይነሣል፣ ቆቡን ያወልቃል፣ ሁለት እጁን ዘርግቶ ጎንበስ ይላል። መሬት ላይ ሲሆን ያምራል። እኔ የማወጋችሁ ግን ስለ ሦስተኛ ፎቅ ነው።

ካርቱም ፎቅ በፎቅ መሆን በጀመረችበት ዘመን፣ ሪያድ በሚባለው ሰፈሯ ግድግዳ እንለስን ነበር። የደህንነት ኃላፊያችን ጋሽ ታፈሰ ይባላሉ። አብዛኞቻችንን ሥራ ያስገቡን እሳቸው ናቸው፤ ሰው ሲሞትብን ቀድመው ለቅሶ የሚደርሱትም እሳቸው። ጠዋት ጠዋት በየመወጣጫው ሥር እየዞሩ ሁላችንንም በስም ይጠራሉ። «እንዴት አደርክ? እናትህ ደህና ናቸው? ከአገር ወሬ አለ?» የተጠራ ሁሉ ሄልሜቱን አውልቆ ይነሣል። እንግዲህ ልብ በሉ፤ ከቀኑ ሁሉ ይበልጥ ለአደጋ የምንጋለጠው የደህንነት ኃላፊው ሲጎበኙን ነበር።

አንድ ጠዋት የወሎው ልጅ ሰይድ ከጎኔ ጥግ ጥጉን ይለስናል። ከታች «ሰይድ!» ሲሉት የልስን ማንኪያውን አስቀመጠ፣ ሄልሜቱን አወለቀ፣ የያዘውን የመወጣጫ ብረት ለቀቀና እጅ ነሣ። የቆመበት ሳንቃ ተንሸራተተ። ቀበቶውን ያዝኩት። ሄልሜቱ ግን ወርዶ ጋሽ ታፈሰ እግር ሥር አረፈ።

አንስተው ወደ ሰይድ ቀና አሉ።

«ወድቀህ ቢሆን ለእናትህ ምን ልላት ነበር?»

«አክብሮኝ ሞተ ይበሏት፣ ጋሼ» አለ ሰይድ።

በማግሥቱ አዲስ ደንብ ወጣ። ሰላምታ ጠዋት በር ላይ፤ ላይ የወጣ አይነሣም፣ አያወልቅም፤ እሳቸውም አይጣሩም። ከዚያ ወዲህ ዝም ብለው እየወጡ ገመዱንና ሳንቃውን በእጃቸው ይፈትሹ ጀመር። ስለ እናቶቻችን ጤና ሲጠይቁን እንነሣበት የነበረው ሳንቃ ማሰሪያው ላልቶ ተገኘ።

እኛስ አመሰገንን? «ኮሩብን» አልን። ጀሪፍ ከሚባለው ሰፈር የሚመጡት ባልደረቦቻችን «ምን አስቀየምናቸው?» እያሉ ሽማግሌ ሊልኩ ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ጋሽ ታፈሰ እኛ ዘንድ ወጥተው ገመድ ሲፈትሹ፣ የሕንፃው ባለቤት፣ ሽማግሌው ሐጂ፣ ከታች ብቅ ብለው በዐረብኛ ተጣሩ። «አሰላሙ ዓለይኩም፣ ያ ታፈሰ!»

የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ። ገመዱን ለቀቁ፣ ሄልሜታቸውን አወለቁ፣ ሁለት እጃቸውን ዘረጉ። ሰይድ ከኋላ ቀበቶአቸውን ጨምድዶ ያዘ።

«ጋሼ! ሰላምታ በር ላይ ነው!»

ሄልሜታቸውን መልሰው ደፉና አንገታቸውን ብቻ ነቀነቁ። ሐጂ ትንሽ ጠብቀው፣ ቅር እንዳላቸው ሄዱ።

በማግሥቱ ጋሽ ታፈሰ ይቅርታ እንዲጠይቁላቸው ሐጂ ዘንድ ሽማግሌ ላኩ። ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሰይድ ነበር።