የፍራሹ ሦስት ሴኮንዶች

ሮጦ የተከበረ ብዙ ነው፤ ተኝቶ አሥራ አንድ ዓመት የተከበረ ግን ከክሌም ሃርጊቭ በቀር በሸንኮራ ማሳ በተከበበችው በዚያች የኩዊንስላንድ ከተማ አልታየም።

በራግቢ ሊግ ጨዋታ፣ ኳስ በእጁ ይዞ የሚሮጠውን የጣለ ተከላካይ ወዲያው ሊለቀው ይገባል። ክሌም መቶ አሥራ ስምንት ኪሎውን በወደቀው ሰው ላይ ያሳርፋል፣ አንድ እጁ የጠፋበት ይመስል ይፈልጋል፣ በልቡ እስከ ሦስት ይቆጥራል፤ ከዚያ የሰውየውን ትከሻ ተደግፎ እንደ አዛውንት ይነሣል። በዚያች ጊዜ ጓደኞቹ የመከላከያ መስመራቸውን ሠርተው ይጠብቃሉ። ዳኛው ፊሽካውን ወደ አፉ ሲያስጠጋ ክሌም ቆሟል። ደጋፊዎቹ «ፍራሹ» አሉት። የተቃራኒ ደጋፊዎችም ብርድ ልብስ እንዲመጣለት በየጨዋታው ያሳስባሉ።

ክለቡ ይህን ተሰጥዖ ለአጋጣሚ አልተወውም። ትሬቨር የተባለ ባለሙያ ቀጥሮ የሩጫ ሰዓት አስያዘው። ትሬቨርም «ያለ ቅጣት የተገኘ መዘግየት» የሚል ዓምድ ያለው ሠንጠረዥ አዘጋጀ፤ ቦርዱም የአጥቂም የተከላካይም ውል በዚሁ ዓምድ እንዲታደስ በሙሉ ድምፅ አጸደቀ። ሊቀመንበሩ ባሪ ፒኮት ክለቡ በዝግታ ረገድ ፈጣን እመርታ እያስመዘገበ መሆኑን ለአባላት አበሠረ። ቡድኑ ከመጨረሻው ሁለተኛ መሆኑን ሠንጠረዡ አያሳይም ነበር።

ክሌም ሠላሳ አራት ዓመቱ ነው፤ ጉልበቶቹ ደግሞ በዕድሜ ይበልጡታል። ውሉ ካልታደሰ የሚጠብቀው የስኳር ፋብሪካው ነበር። እዚያ ደግሞ አለቃው የሚስቱ ወንድም ነው፤ ሰውየው ከወዲሁ «መጥረጊያውን መርጬልሃለሁ» እያለ በየእሑዱ ምሳ ላይ ይስቅበታል። የዘንድሮው የክሌም አማካይ መዘግየት ሁለት ሴኮንድ ብቻ ነበር። የቀረው አንድ ጨዋታ ነው።

ያን ቀን ዘነበ። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ቀርቶ ክለቡ በሁለት ነጥብ ይመራል፤ ማለትም ሌሎቹ ይመሩታል። የጓደኛው ምት የግቡን ቋሚ ገጭቶ ተመለሰና ክሌም ደረት ላይ አረፈ። ተከላካዮቹ ሁሉ በሌላው ጥግ ነበሩ። ክሌም ሮጠ፤ አሸናፊው ነጥብ የሚቆጠርበት መስመር ላይ ለመድረስ አንድ እርምጃ ሲቀረው እርጥቡ ሣር አንሸራተተውና ወደቀ።

ማንም አልነካውም። ወድቆ ያልተያዘ ሰው ተነሥቶ መሮጥ እንደሚችል የፋብሪካው ዘበኛ እንኳ ያውቃል። ከሜዳው ዳር ጉብታ ላይ የተቀመጠው ሕዝብ የሚበላውን የሥጋ ፓይ ጥሎ «ተነሥ!» እያለ ለመነው። ክሌም ግን ከሥሩ መሬት ተሰማው፤ ሰውነቱም የለመደውን አደረገ። አንድ። ሁለት። ሦስት ሲል አንድ ከባድ ነገር ጀርባው ላይ ተጋደመ። የተቃራኒው ግዙፍ ተከላካይ ሴሚሲ ነበር።

«አመሰግናለሁ፣ ፍራሼ» አለው በጆሮው እያለከለከ። «እስክደርስ ጠበቅከኝ።»

«ልቀቀኝ እንጂ፣ ሰዓቱ አለቀ።»

«ታገስ ወንድሜ፣ ገና ሁለት ላይ ነኝ።»

የማብቂያው ጥሩምባ ጮኸ።

ሰኞ ቦርዱ ጠራው። ክሌም ከመልበሻ ክፍል ዕቃውን ሰብስቦ፣ ሻንጣውን አንግቶ ገባ። ፒኮት መነጽሩን አድርጎ ከሠንጠረዡ አነበበ፦ ያለ ምንም ቅጣት፣ ድፍን ሦስት ሴኮንድ፤ የዓመቱ ክብረ ወሰን። በዚህም መሠረት የሁለት ዓመት ውል ተፈቅዷል።

ክሌም መጥረጊያው ትዝ አለው። ዝም ቢል ይሻለው ነበር፤ አልቻለም።

«ባሪ፣ እኔ እኮ ያዘገየሁት እኛን ነው።»

ፒኮት ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ፤ መልሶም ፊቱን አየ።

«‘ማንን’ የሚል ዓምድ የለም፣ ክሌም። ፈርም።»

ፈረመ። ቦርዱ በሙሉ ቆሞ አጨበጨበለት። ክሌም እስክሪብቶውን እንደያዘ ወንበሩ ላይ ቆይቶ፣ ጠረጴዛውን ተደግፎ ተነሣ። ከበሩ አጠገብ የቆመው ትሬቨር የሩጫ ሰዓቱን ተጫነ።

«ሦስት ነጥብ ሁለት» አለና መዘገበ።