አድጎ ያልጨረሰው ጨው

ከምነግራችሁ ውስጥ የሳትኩት ቢኖር ከእርጅናዬ ቁጠሩት። ዘመኑ ሁለት ሺህ ሰባት ይሁን ስምንት፣ ጠርሙሱ የማር ይሁን የማርማላታ፣ አልምልም። እኔ በር ከቀረቀርኩ በኋላ ተመልሼ የምነቀንቅ ሰው ነኝ፤ ንግግር ላይም እንደዚያው ነኝ። ጥንቃቄ ከውሸት ያድናል እንጂ ከሰው ጉዳይ አያድንም እላለሁ። እንዲያውም ከውሸትም አላዳነኝም።

ዳንግላ ከሚገኘው ግቢዬ ጓሮ ባለችው ክፍል ትርንጎ የምትባል የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ተከራይታ ትኖር ነበር። አገሯ ገጠር ነው፤ አባቷ ቢተው በየገበያው ቀን ስንቅ ያመጣላታል። የኬሚስትሪ መምህሯ ጨው በጠርሙስ ሙቅ ውሃ አሟሙታችሁ፣ ክር አንጠልጥላችሁ፣ ጨዉን መልሳችሁ አሳድጉ አላቸው። ሥራው የቡድን ነው፤ ጠርሙሱን የምትጠብቀው ግን እሷ። እኛ ጨው ሲያልቅ እንጂ ሲያድግ አይተን አናውቅም። ውሃው እየተነነ ሲሄድ ክሩ ላይ እንደ መስታወት ስብርባሪ የጠራ፣ ጎኑ የተስተካከለ ነገር ይይዝ ጀመር። እኔማ መስኮቷ ላይ ያለውን ጠርሙስ እንዳልደፋው ፈርቼ በዚያ በኩል ማለፍ ተውኩ።

በዚያው ሰሞን ቢተው ስንቅ ሳይዝ መጣ። ጋሪ ደጅ አስቁሟል።

«ዕቃሽን ሰብስቢ። ሽማግሌ ተልኮብኝ ቃል ሰጥቻለሁ» አላት። አገውኛቸውን ትተው በአማርኛ ነበር የተነጋገሩት፤ ለምስክርነት የፈለጉኝ ይመስለኛል።

ትርንጎ አላለቀሰችም። ጠርሙሱን አሳየችው። «አባየ፣ ይኼ ሳያልቅ ብሄድ የጓደኞቼም ነጥብ ይቀራል።»

«ምንድን ነው?»

«ጨው።»

«ጨው ከገበያ ጠፋ?»

«ይኼ የሚያድግ ነው።»

ቢተው ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው። «መቼ ይደርሳል?» አለ፣ ስለ ጤፍ እንደሚጠይቅ ሁሉ።

«ማደጉን ሲያቆም።»

ባለጋሪው «ሙሽራ ልጭን መጥቼ ጨው አስቀረኝ?» ብሎ እየሳቀ ባዶውን ተመለሰ።

በቀጣዩ ገበያ ቢተው መጣ፤ «አላለቀም?» «አላለቀም፣ አባየ።» ውሃው ባነሰ ቁጥር ሌላ ጨው አሟሙታ ትጨምራለች፤ ያም ያድጋል። አንድ ቀን ታዲያ የቡድን ጓደኛዋ መጥታ፣ «አንቺ፣ ይኼን እስካሁን አልጣልሽውም? መምህሩ አይቶ ነጥብ ሰጥቶን የለም እንዴ!» ስትላት ሰማሁ።

በቤቴ ልጅ አባቷን እያታለለች ነው። ብናገር ጋሪው ይመጣል። ዝም ብል ሽማግሌነቴስ? እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ ማንም እንዳይጠይቀኝ ጸለይኩ።

ቢተው ግን በሚቀጥለው ገበያ እሷ ከትምህርት ቤት ሳትመጣ እኔኑ ደጅ አገኘኝ። «ጋሼ፣ እርስዎ አይዋሹም። ያ ጨው አላለቀም?»

የበሩን መቀርቀሪያ ነካካሁ።

«አላለቀም» አልኩት።

ቢተው ከጋቢው ሥር ከገበያ የገዛውን ጨው አወጣና በእጄ አስያዘኝ።

«ይስጡልኝ። እነዚያ ሽማግሌ የላኩብኝ ሰዎች ባገኙኝ ቁጥር ይጠይቁኛል፤ የጀመረችው አላለቀም እላቸዋለሁ። ቃሌን አልበላሁም አይደል? ጨው እንዳያጥራት ነው።»

እንግዲህ ማን ማንን እንዳታለለ እስከ ዛሬ አልለየልኝም። ሰዎቹ መጠበቅ ሰልችቷቸው ለልጃቸው ሌላ አጩ መሰለኝ፤ ትርንጎም ጊዜው ሲደርስ ለከፍተኛ ትምህርት እንጅባራ ገባች።

ወሬዋን ለመጨረሻ ጊዜ የሰማሁት ዳንግላ ገበያ፣ አባቷን ጨው ተራ ያገኘሁት ዕለት ነው።

«ልጅቱስ? ትምህርቷን ጨረሰች?» አልኩት።

«ኧረ ገና ነው ጋሼ» አለኝ ፈገግ ብሎ። «አላለቀም።»